የአንባብያን ጥያቄዎችና መልሶች፦ ናኖ ቁሶች ለድቅል የፀሐይ ሴል ምን ይጨምራሉ?

ባለፈው እትማችን ስለ ድቅል የፀሐይ ሴሎች ባወጣነው አጭር ጽሑፍ፣ ብርሃን የሚመጥጡ ፖሊመሮችን (ፕላስቲክ መሰል ረጃጅም ሞለኪውሎችን) ከናኖ ቁሶች፣ ማለትም በናኖ ሜትር (በሜትር አንድ ቢሊዮንኛ) ከሚለኩ ጥቃቅን ማዕድናዊ ቅንጣቶች ጋር በማደባለቅ የፀሐይን ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ መለወጥ እንደሚቻል ገልጸን ነበር። ከዚያ ወዲህ የደረሱን ጥያቄዎች ብዙ ናቸው። ተመሳሳይ የሆኑትን አንድ ላይ አድርገን ስምንቱን መርጠናል። አንዳንዶቹን በጥቂት ዓረፍተ ነገር፣ ሁለቱን ደግሞ በሰፊው መልሰናቸዋል፤ የጉዳዩ ቁልፍ ያለው በእነዚህ በሁለቱ ውስጥ ነውና።

ጥያቄ፦ ፓነል የሚሸጡ ሰዎች «ሃይብሪድ ሶላር» ሲሉ እሰማለሁ። እናንተ «ድቅል ሴል» ያላችሁት ይህንኑ ነው?

መልስ፦ አይደለም። በገበያ ላይ ሃይብሪድ የሚባለው ዘወትር ከፓነል፣ ከባትሪና ከመብራት መስመር የሚመጣውን ኃይል አቀናጅቶ የሚያሠራ ኢንቨርተር ነው። እዚያ የተጣመሩት መሣሪያዎች ናቸው፤ በፓነሉ ውስጥ ያለው ሴል ግን የተለመደው ሲሊከን ነው። እኛ የጻፍንለት ድቅልነት የሚገኘው በራሱ በሴሉ ውስጥ፣ ብርሃን በሚቀበለው ስስ ንጣፍ ላይ ነው። አንደኛው ወገን ካርቦናዊ ቁስ ነው፤ ለምሳሌ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ፖሊመር። ሌላው ወገን ካርቦናዊ ያልሆነ ሴሚኮንዳክተር (ኤሌክትሪክን በከፊል የሚያስተላልፍ ቁስ) ነው፤ ለምሳሌ ዚንክ ኦክሳይድ፣ ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ወይም ካድሚየም ሴሌናይድ።

ሁለቱን ማዳቀል ያስፈለገው አንዱ የሌላውን ጉድለት ስለሚሸፍን ነው። ፖሊመሩ በጣም ስስ ሆኖ ሳለ ብዙ ብርሃን ይመጥጣል፤ በፈሳሽ ውስጥ ስለሚሟሟም እንደ ቀለም ሊቀባ ወይም ሊታተም ይችላል። ኤሌክትሮንን አሻግሮ በማድረስ ረገድ ግን ደካማ ነው። ማዕድናዊው ሴሚኮንዳክተር በበኩሉ ኤሌክትሮንን በደንብ ያስተላልፋል። ፕላስቲክ ኤሌክትሪክ ማስተላለፍ መቻሉ ራሱ የቅርብ ዘመን ግኝት መሆኑን ማስታወስ ይገባል፤ አለን ሂገር፣ አለን ማክዳይርሚድና ሂዴኪ ሺራካዋ በ1970ዎቹ ለሠሩት ለዚህ ሥራ የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት የተሰጣቸው በ2000 ነው። በዚህ ዓምድ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የፊዚክስ መምህርት ነኝ። ፖሊመሩ ብርሃን ከመጠጠ፣ ማዕድኑም ኤሌክትሮን ካስተላለፈ፣ አንዱን በሌላው ላይ ደርቦ መቀባት አይበቃም ወይ? ቅንጣቶቹ የግድ ናኖ መሆን ያለባቸው ለምንድን ነው?

መልስ፦ ከደረሱን ጥያቄዎች ሁሉ ወደ ነገሩ ሥር የሚወስደን ይህ የእርስዎ ጥያቄ ነው፤ ስለዚህ ረዘም አድርገን እንመልሰዋለን።

ሲሊከን ብርሃን ሲያርፍበት ኤሌክትሮኑ ከቦታው ይለቀቅና በክሪስታሉ ውስጥ በነፃነት ይንቀሳቀሳል፤ ትቶት የሄደው ክፍት ቦታ፣ ሆል የምንለው፣ እንደዚሁ በራሱ መንገድ ይጓዛል። በፖሊመር ውስጥ ግን ኤሌክትሮኑና ሆሉ በቀላሉ አይለያዩም፤ ኤክሳይቶን በሚባል ጥንድነት ተሳስረው ይቀራሉ። ልዩነቱ የሚመጣው ቁሱ በተቃራኒ ቻርጆች መካከል ያለውን ስበት ከሚያለዝብበት አቅም ነው። ይህን አቅም የሚለካው የዳይኤሌክትሪክ ቋሚ ቁጥር በሲሊከን 12 ገደማ ሲሆን በአብዛኞቹ ፖሊመሮች ከ3 እስከ 4 ብቻ ነው። በመሆኑም በፖሊመር ውስጥ ጥንዱን ለመለያየት ከ0.3 እስከ 0.5 የሚደርስ ኤሌክትሮን ቮልት (በአቶም ደረጃ ኃይል የሚለካበት አሃድ) ያስፈልጋል፤ በተለመደው የክፍል ሙቀት ከሙቀት የሚገኘው ኃይል ግን 0.025 ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ነው። ሙቀቱ ብቻውን ጥንዱን ሊያላቅቅ አይችልም ማለት ነው። የሚያላቅቀው ኤሌክትሮንን ከፖሊመሩ አብልጦ የሚስብ ሌላ ቁስ ነው። ኤክሳይቶኑ ሁለቱ ቁሶች ወደሚገናኙበት ገጽ ከደረሰ፣ ኤሌክትሮኑ ከአንድ ፒኮ ሰከንድ፣ ማለትም ከሴኮንድ አንድ ትሪሊዮንኛ፣ ባነሰ ጊዜ ወደ ሌላው ወገን ሊሻገር ይችላል፤ ሆሉም በፖሊመሩ ውስጥ ይቀራል።

ችግሩ መድረሱ ላይ ነው። ኤክሳይቶን ዕድሜው አጭር በመሆኑ 10 ናኖ ሜትር ገደማ ከተጓዘ በኋላ ኃይሉን በከንቱ አባክኖ ይጠፋል። በሌላ በኩል ፖሊመሩ ከሚያርፍበት ብርሃን አብዛኛውን እንዲመጥጥ ከ100 እስከ 200 ናኖ ሜትር ውፍረት ይፈልጋል። እንግዲህ እርስዎ እንዳሉት አንዱን በሌላው ላይ ብንደርብ፣ ከመገናኛው ገጽ በ10 ናኖ ሜትር ርቀት ውስጥ የተፈጠሩት ኤክሳይቶኖች ብቻ ይተርፋሉ፤ ከዚያ ያለፉት ሁሉ መንገድ ላይ ይቀራሉ። ንጣፉን ብናሳሳው ብርሃኑ ሳይመጠጥ ያልፋል፤ ብናወፍረው ደግሞ የመጠጠውን መልሶ ያባክናል። ቺንግ ታንግ በ1986 ሁለት ካርቦናዊ ቁሶችን ደርበው የሠሩት ዝነኛ ሴል የ1 በመቶ ብቃት (ከሚያርፍበት የብርሃን ኃይል ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ድርሻ) ይዞ የቀረው ከሌሎች ምክንያቶች ጋር በዚህ አጣብቂኝ የተነሳ ነው።

መውጫው ሁለቱን ቁሶች በናኖ ሜትር ደረጃ ማጠላለፍ ሆነ። በጥልፍልፉ ውስጥ ኤክሳይቶን የትም ቢፈጠር ከ10 ናኖ ሜትር ባልራቀ ቦታ መገናኛ ገጽ ያገኛል። የገጹ ስፋት ምን ያህል እንደሚያድግ ለተማሪዎችዎ በቀላል ስሌት ሊያሳዩ ይችላሉ። ጎኑ 1 ሴንቲ ሜትር የሆነ ኩብ የገጹ ስፋት 6 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው፤ ያንኑ ኩብ ጎናቸው 10 ናኖ ሜትር ወደሆኑ ትናንሽ ኩቦች ብንከፋፍለው የገጻቸው ድምር 600 ካሬ ሜትር ይሆናል። የቁሱ መጠን አልጨመረም፤ የጨመረው ገጹ ነው።

ይህን ስልት በሰፊው ያሳወቀው ብራያን ኦሪጋንና ሚካኤል ግሬትዝል በ1991 ይፋ ያደረጉት ሴል ነው። ጥቂት ናኖ ሜትር በሚያክሉ የቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ቅንጣቶች 10 ማይክሮ ሜትር ውፍረት ያለው ስፖንጅ መሰል ንጣፍ ሠርተው በብርሃን መጣጭ ቀለም ነከሩት፤ በጠፍጣፋ ገጽ ላይ ከንቱ የነበረው ያ ስስ ቀለም በስፖንጁ ላይ 7 በመቶ ገደማ ብቃት ሰጠ።

ይሁን እንጂ ማጠላለፍ ብቻውን አይበቃም። ከተለያዩ በኋላ ኤሌክትሮኑ ወደ አንዱ ኤሌክትሮድ (ኤሌክትሪኩ ከሴሉ የሚወጣበት ጫፍ)፣ ሆሉም ወደ ሌላው መውጣት አለባቸው። ክብ ቅንጣቶች በፖሊመር ውስጥ ተበትነው ሲቀመጡ ኤሌክትሮኑ ከአንዱ ወደ አንዱ እየዘለለ መሄድ ይኖርበታል፤ በመካከል ክፍተት ካለ እዚያው ይቀራል። ዌንዲ ሁይን፣ ጃንኬ ዲትመርና ፖል አሊቪሳቶስ በ2002 ያሳተሙት ሥራ እስካሁን የሚጠቀሰው ለዚህ ነው። የካድሚየም ሴሌናይድ ቅንጣቶችን ክብ ከማድረግ ይልቅ 7 ናኖ ሜትር ውፍረትና 60 ናኖ ሜትር ርዝመት ያላቸው ዘንጎች አድርገው ከፖሊመር ጋር ሲያደባልቁ ኤሌክትሮኑ ሳይዘል የሚሄድበት መንገድ ረዘመ፤ የሴሉም ብቃት 1.7 በመቶ ሆነ። ቁጥሩ ዛሬ ትንሽ ይመስላል። ያሳየው ነገር ግን ትልቅ ነው፤ ያው ቁስ ቅርጹ ብቻ ሲለወጥ ውጤቱ ሊለወጥ እንደሚችል አረጋግጧል።

ጥያቄ፦ የኬሚስትሪ ተመራቂ ተማሪ ነኝ። ለማሟያ ጽሑፌ በኦሌይክ አሲድ የተሸፈኑ የካድሚየም ሴሌናይድ ኳንተም ዶቶችን (ጥቂት ናኖ ሜትር የሚያክሉ የሴሚኮንዳክተር ክሪስታሎችን) ከፖሊመር ጋር አደባልቄ ሴል ሠራሁ። ድብልቁ የሚመጥጠው ብርሃን ከፖሊመሩ ብቻ ይልቅ ጨምሯል፤ ብቃቱ ግን ቀነሰ። የተሳሳትኩት ምን ላይ ይሆን?

መልስ፦ ያጋጠመዎት ነገር በዚህ መስክ የሚሠራ ሰው ሁሉ የሚያልፍበት ነው። ሥራዎ ከንቱ አልሆነም፤ እንዲያውም ትክክለኛውን ጥያቄ ወደ መጠየቅ አድርሶዎታል። ብርሃን መምጠጥ የመጀመሪያው እርምጃ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ መለያየት፣ መጓዝና መውጣት አሉ፤ ከእነዚህ በአንዱ ላይ የደረሰ እንቅፋት በመምጠጥ የተገኘውን ትርፍ ሁሉ ይውጠዋል።

የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ኦሌይክ አሲዱ ነው። ኳንተም ዶቶች በሚሠሩበት ጊዜ እርስ በርሳቸው እንዳይጣበቁና መጠናቸው እንዳይበልጥ ገጻቸው ሊጋንድ በሚባሉ ሞለኪውሎች ይሸፈናል። የኦሌይክ አሲድ ሰንሰለት 18 ካርቦን ያለው ሲሆን ኤሌክትሪክን አያስተላልፍም፤ በዶቱ ዙሪያ 2 ናኖ ሜትር ገደማ የሚያክል መከላከያ ግድግዳ ይሠራል። ኤሌክትሮን እንዲህ ያለውን ግድግዳ የመሻገር ዕድሉ ግድግዳው በወፈረ ቁጥር በፍጥነት እየመነመነ ይሄዳል። ዶቶቹ ብርሃን ይመጥጣሉ፤ ከፖሊመሩ ግን በግድግዳ ተለይተዋል። የተለመደው መፍትሔ ረጅሙን ሊጋንድ በአጭር መተካት ነው። ከላይ የጠቀስናቸው የ2002 ተመራማሪዎች ፒሪዲን ተጠቅመዋል፤ ሌሎች አጫጭር ታዮሎችን፣ ከዚያም ወዲህ እንደ አዮዳይድ ያሉ የሃሎጅን አየኖችን (ቻርጅ ያላቸውን አቶሞች) ይጠቀማሉ።

መተካቱ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ጥቂት ናኖ ሜትር በሚያክል ቅንጣት ውስጥ ካሉት አቶሞች ትልቁ ድርሻ ገጹ ላይ ነው ያለው። ሊጋንዱ ተነቅሎ ምትክ ካላገኘ እነዚያ አቶሞች ያልተሟላ ትስስር ይዘው ይቀራሉ፤ እያንዳንዱ ያልተሟላ ትስስር ኤሌክትሮን የሚይዝ ወጥመድ ይሆናል። ወጥመድ ውስጥ የገባ ኤሌክትሮን ሆል መጥቶ እስኪያገኘው ይቆያል፤ ሲገናኙም ኃይላቸው ሙቀት ሆኖ ይባክናል። ስለዚህ ሲያጥቡ ከመጠን በላይ ካጠቡ፣ የግድግዳውን ችግር በወጥመድ ችግር ለውጠውታል ማለት ነው። ሊጋንዱ ሲያጥር ዶቶቹ ተጠጋግተው የመጓጎል ባሕርይም ያመጣሉ፤ ድብልቁ በአንድ ወገን ፖሊመር ብቻ፣ በሌላው ዶት ብቻ ይሆንና መገናኛ ገጹ ይቀንሳል።

በግልጽ እንናገር፤ በእኛ አስተያየት የድቅል ሴል ታሪክ በአብዛኛው የገጽ ታሪክ ነው። ኤክሳይቶኑን የሚያድነው ገጽ ኤሌክትሮኑን የሚያጠፋውም ገጽ ነው። ገጹን በሺህ እጥፍ ያሳደገ ሰው ያልታከመ ገጽንም በሺህ እጥፍ አሳድጓል። «ምን ዓይነት ናኖ ቁስ ልጨምር?» ከሚለው ጥያቄ በፊት «ገጹ በምን ተሸፍኗል?» የሚለው መቅደም አለበት የምንለው ለዚህ ነው።

አሁን ስለ አለካክዎ። የብቃቱን ቁጥር ብቻ አይመልከቱ፤ ሦስቱን ክፍሎቹን ለያይተው ያስቀምጡ። እነሱም የአጭር ዙር የፍሰት እፍጋት (ሁለቱ ኤሌክትሮዶች በቀጥታ ሲገናኙ በካሬ ሴንቲ ሜትር የሚፈሰው ኤሌክትሪክ)፣ የክፍት ዙር ቮልቴጅ (ምንም ፍሰት ሳይወሰድ ያለው ቮልቴጅ) እና የሙሌት መጠን (ሴሉ በተግባር የሚሰጠው ከፍተኛ ኃይል ከሁለቱ ብዜት ያለው ድርሻ) ናቸው። የብቃቱ መነሻ የሦስቱ ብዜት ነው። ለምሳሌ ያህል፣ ዶት የሌለው ሴልዎ በካሬ ሴንቲ ሜትር 8 ሚሊ አምፔር፣ 0.6 ቮልትና 0.50 የሙሌት መጠን ቢኖረው ብዜቱ 2.4 ሚሊ ዋት ነው፤ መደበኛው ብርሃን በካሬ ሴንቲ ሜትር 100 ሚሊ ዋት ስለሆነ ብቃቱ 2.4 በመቶ ይሆናል። ዶት የጨመሩበት ሴል ቮልቴጁ ሳይለወጥ ፍሰቱ ወደ 10 ሚሊ አምፔር ከፍ ብሎ የሙሌት መጠኑ ወደ 0.35 ቢወርድ ግን ብቃቱ 2.1 በመቶ ነው። ፍሰቱ በሩብ ጨምሮ ብቃቱ ቀነሰ። እንዲህ ከሆነ ዶቶቹ ብርሃኑን ወደ ፍሰት መለወጥ ጀምረዋል፤ ችግሩ መውጫው ላይ ነው፤ መንገዱን ያስተካክሉ። ፍሰቱ ራሱ ከቀነሰ ግን ሊጋንዱን ይጠርጥሩ። ከሁሉ በይበልጥ የወደቀው ቮልቴጁ ከሆነ ወጥመዶቹን ወይም ሁለቱን ኤሌክትሮዶች የሚያገናኝ ቀዳዳ መኖሩን ይመርምሩ። ይህን ለመለየት የፍሰትና የቮልቴጅ መስመሩን በጨለማም መለካት ይረዳዎታል።

አንድ ነገር እንጨምር። የንጣፉ ውፍረት በሁለቱ ሴሎች እኩል መሆኑን አረጋግጠዋል? ዶት ሲጨመር ድብልቁ ስለሚወፍር፣ ንጣፉን ለመሥራት ድብልቁ የሚፈስበት ገጽ በዚያው ፍጥነት ቢሽከረከርም የሚወጣው ንጣፍ ወፍራም ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ የመምጠጡ ጭማሪ የዶቶቹ ሳይሆን የውፍረቱ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ የወርቅና የብር ናኖ ቅንጣቶች ኤሌክትሪክ ያመነጫሉ ማለት ነው? ካልሆነ ለምን ይጨመራሉ?

መልስ፦ በዚህ ሥራቸው ኤሌክትሪክ አመንጪ አይደሉም፤ ብርሃን ሰብሳቢ ናቸው። በብረቱ ውስጥ ያሉት ነፃ ኤሌክትሮኖች ከተወሰነ የሞገድ ርዝመት ጋር ተስማምተው በአንድነት ይወዛወዛሉ፤ ይህ ውዝዋዜ ፕላዝሞን ይባላል። ከፍ ያሉት ቅንጣቶች ብርሃኑን ወደ ጎን እየበተኑ በስሱ ንጣፍ ውስጥ የሚሄድበትን መንገድ ያረዝማሉ፤ አነስ ያሉት ደግሞ በቅርብ ዙሪያቸው የብርሃኑን መስክ ያጠናክራሉ። ሆኖም ትንንሾቹ ብርሃኑን ራሳቸው መጥጠው ወደ ሙቀት የመለወጥ ዝንባሌ አላቸው፤ ብረቱ ፖሊመሩን በቀጥታ ከነካ ደግሞ ኤክሳይቶኑን ያጠፋዋል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ በስስ ሲሊካ ይሸፈናሉ ወይም ከብርሃን መጣጩ ንጣፍ ውጭ ይቀመጣሉ። ብር በረጅም ናኖ ሽቦ መልክ ለሌላ አገልግሎትም ይውላል፤ መረብ ሆኖ ሲነጠፍ ብርሃን የሚያሳልፍና የሚታጠፍ ኤሌክትሮድ ስለሚሆን፣ ሲታጠፍ የሚሰነጠቀውን ኢንዲየም ቲን ኦክሳይድ ሊተካ ይችላል።

ጥያቄ፦ ኳንተም ዶት ያለበት ሴል 114 በመቶ ደረሰ የሚል አንብቤያለሁ። ይህ የኃይል ጥበቃ ሕግን አይጥስም?

መልስ፦ አይጥስም፤ ያነበቡት ቁጥርም እውነተኛ ነው። በዩናይትድ ስቴትስ ብሔራዊ የታዳሽ ኃይል ቤተ ሙከራ የሚሠሩ ተመራማሪዎች በ2011 ያሳተሙት ውጤት ነው። የተለካው ግን የኃይል ብቃት ሳይሆን ኳንተማዊ ብቃት ነው፤ ማለትም በአንድ የተወሰነ የሞገድ ርዝመት 100 ፎቶኖች (የብርሃን ቅንጣቶች) በሴሉ ላይ ሲያርፉ 114 ኤሌክትሮኖች ወጥተዋል። የኤሌክትሮኖቹ ቁጥር ከፎቶኖቹ ቢበልጥም ኃይላቸው አልበለጠም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሴሚኮንዳክተር የኃይል ክፍተት የሚባል የራሱ መለኪያ አለው፤ ከዚያ ያነሰ ኃይል ያለው ፎቶን ሳይመጠጥ ያልፋል፤ ከዚያ የበለጠ ኃይል ያለው ደግሞ ኤሌክትሮን ያስነሳና ትርፍ ኃይሉ ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። ዊሊያም ሾክሊና ሃንስ ክዋይሰር በ1961 አንድ የኃይል ክፍተት ያለው ሴል ሊያልፈው የማይችለውን ጣሪያ ያሰሉት በዚህ ላይ ተመሥርተው ነው፤ ዛሬ በመደበኛው የፀሐይ ብርሃን ሲሰላ ጣሪያው 33.7 በመቶ ገደማ ነው። በሌድ (እርሳስ) ሴሌናይድ ኳንተም ዶት ውስጥ ግን የፎቶኑ ኃይል ከክፍተቱ ሁለት እጥፍ ሲበልጥ፣ ሙቀት ሆኖ ሊጠፋ የነበረው ትርፍ አንዳንድ ጊዜ ሁለተኛ ኤሌክትሮን ያስነሳል። የዚያ ሴል አጠቃላይ የኃይል ብቃት ከ10 በመቶ በብዙ ያነሰ ነበር፤ ቢሆንም ትርፍ ኃይልን ከሙቀት ማትረፍ የሚቻል መሆኑን በሚሠራ ሴል ላይ አሳይቷል።

የኳንተም ዶት ሌላው ጥቅም የኃይል ክፍተቱ በመጠኑ መወሰኑ ነው፤ ዶቱ ሲያንስ ክፍተቱ ይሰፋል። የሌድ ሰልፋይድ ክፍተት በትልቅ ክሪስታል 0.41 ኤሌክትሮን ቮልት ብቻ ሲሆን፣ በጥቂት ናኖ ሜትር ዶት ከ1 ኤሌክትሮን ቮልት በላይ ሊሆን ይችላል። አብዛኞቹ ፖሊመሮች የማይደርሱበትን የኢንፍራሬድ ብርሃን ለመያዝ የሚመረጠውም በዚህ ነው። አሌክሲ ኤኪሞቭ፣ ሉዊስ ብረስና ሙንጊ ባወንዲ የ2023 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማትን የተጋሩት ኳንተም ዶቶችን በማግኘትና በጥራት የሚሠሩበትን ዘዴ በማውጣት ነው።

ጥያቄ፦ ፔሮቭስካይት የሚባለው ሴልስ ድቅል ነው? ከፖሊመርና ከናኖ ቅንጣት ድብልቅ ይበልጣል የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ ሁለቱም እውነት ነው። በጣም የተጠናው ፔሮቭስካይት ሜቲልአሞኒየም የተባለውን ካርቦናዊ አየን ከእርሳስና ከአዮዲን ጋር በአንድ ክሪስታል ውስጥ ይይዛል፤ ድቅልነቱ በአቶም ደረጃ ነው። በ2009 የቱቶሙ ሚያሳካ ቡድን ቁሱን በቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ስፖንጅ ላይ በቀለም ምትክ ሲሞክረው 3.8 በመቶ ብቃት ነበረው፤ ዛሬ በቤተ ሙከራ ከ26 በመቶ አልፏል። በሲሊከን ላይ ተደርቦ ሲሠራ ደግሞ ከ34 በመቶ በላይ ደርሷል። ሁለት የኃይል ክፍተቶች ብርሃኑን ስለሚካፈሉት የሾክሊና የክዋይሰር ጣሪያ በእንዲህ ያለው ሴል ላይ አይሠራም።

የፖሊመርና የማዕድናዊ ቅንጣት ድብልቅ እስካሁን በጥቂት በመቶዎች ላይ መቆየቱን መሸሸግ አይገባም። ከሁለቱም ወገን ካርቦናዊ ቁስ የሚጠቀሙት ሴሎች እንኳ ከ19 በመቶ በላይ ደርሰዋል። ሆኖም በድብልቁ ላይ የተለፋው ልፋት አልጠፋም፤ ገጽን የማከም ዕውቀት ወደ ፔሮቭስካይት ተሸጋግሯል። ኤሌክትሮኑን የሚቀበለው ንጣፍ ብዙ ጊዜ ከቲን ኦክሳይድ ናኖ ቅንጣቶች የሚሠራ ነው፤ ባለፉት ዓመታት ከተገኘው የብቃት ጭማሪም ብዙው በዚህና በተቃራኒው ገጽ ላይ ያሉትን ወጥመዶች በመዝጋት የመጣ ነው።

ጥያቄ፦ «ናኖ ቁስ የሴሉን ብቃት በ30 በመቶ ጨመረ» የሚል ዜና ሳነብ እንዴት ልረዳው?

መልስ፦ ከምን ተነሥቶ ወደ ምን እንደደረሰ ይፈልጉ። ከ3 በመቶ ወደ 3.9 በመቶ ማደግ «30 በመቶ ጭማሪ» ይባላል። ደካማ ሴልን ማሻሻል ደግሞ ቀላል ነው፤ ያው ቁስ በጥሩ ሴል ላይ ሲጨመር ምንም ላይለውጥ ይችላል። የሴሉንም ስፋት ይመልከቱ። ከ1 ካሬ ሴንቲ ሜትር ባነሰ ናሙና ላይ የተገኘ ቁጥር በሰፊ ንጣፍ ላይ ብዙ ጊዜ ይቀንሳል፤ በትንሽ ናሙና ላይ ደግሞ ብርሃን ከጠርዝ ሾልኮ እንዳይገባ የሚከልል ጭምብል ካልተደረገ የፍሰቱ ቁጥር ከእውነተኛው በልጦ ሊታይ ይችላል።

ጥያቄ፦ ልጆች ያሉኝ እናት ነኝ። እርሳስና ካድሚየም መርዝ መሆናቸውን አውቃለሁ፤ እነዚህን ሴሎች በቤቴ ጣሪያ ላይ ባስቀምጣቸው ይጎዱናል? ደግሞስ ስንት ዓመት ይቆያሉ?

መልስ፦ ጭንቀትዎ ተገቢ ነው፤ መልሱም ሁለት ወገን አለው። በአንድ በኩል መጠኑ ትንሽ ነው፤ ግማሽ ማይክሮ ሜትር ውፍረት ባለው የፔሮቭስካይት ንጣፍ ውስጥ በአንድ ካሬ ሜትር ያለው እርሳስ ከ1 ግራም ያነሰ ነው። በሌላ በኩል ይህ እርሳስ በውሃ ሊሟሟ በሚችል ውህድ መልክ ያለ በመሆኑ፣ ፓነሉ ተሰብሮ ዝናብ ቢገባው ታጥቦ ወደ አፈር ሊወርድ ይችላል። ፓነሉ ሳይሰበር፣ በመስታወት መካከል ታሽጎ እስካለ ድረስ ከሥሩ በሚኖረው ሰው ላይ የሚያደርሰው ጉዳት የለም። የሚያሳስበው ሲሰበርና ሲጣል ነው፤ የተሰነጠቀ ፓነል ልጆች በማይደርሱበት ቦታ መቀመጥና ከቤት ቆሻሻ ጋር ሳይቀላቀል ለሚመለከተው ሰብሳቢ መመለስ ይኖርበታል። እርሳስና ካድሚየም የሌለባቸው ኳንተም ዶቶችም እየተሠሩ ናቸው፤ ከብር፣ ከቢዝመትና ከሰልፈር የሚሠራው ዶት በ2022 ከ9 በመቶ በላይ ብቃት አሳይቷል።

ስለ ዕድሜያቸው፣ የሲሊከን ፓነል 25 ዓመት እንዲሠራ ዋስትና ሲሰጠው የተለመደ ነው፤ ድቅል ሴሎች ግን በዚህ በኩል ገና ብዙ ይቀራቸዋል። እርጥበት፣ ኦክስጅንና አልትራቫዮሌት ብርሃን ካርቦናዊውን ወገን ያፈርሱታል። ፓነል ለገበያ ከመቅረቡ በፊት በዓለም አቀፉ መመዘኛ መሠረት በ85 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀትና በ85 በመቶ እርጥበት 1000 ሰዓት መቆየት ይጠበቅበታል። ስለዚህ ለጣሪያዎ ዛሬ የሚገዙ ከሆነ ሲሊከን እንዲገዙ እንመክራለን።

እዚህም ላይ ናኖ ቁስ በሁለት ፊት ይታያል። ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ አልትራቫዮሌት ብርሃን ሲነካው በገጹ ላይ ካርቦናዊ ቁስን የሚያቃጥል ኬሚካላዊ ለውጥ ያስነሳል፤ ለኤሌክትሮን መንገድ እንዲሆን የገባው ቅንጣት ቀስ በቀስ ጎረቤቱን ይበላል ማለት ነው። ብዙ ተመራማሪዎች በምትኩ ቲን ኦክሳይድን የመረጡበት አንዱ ምክንያት የኃይል ክፍተቱ ሰፋ ያለ በመሆኑ ከዚህ ብርሃን የሚመጥጠው ማነሱና እንዲህ ያለውን ጉዳት የማስነሳት ኃይሉም ደካማ መሆኑ ነው።